የጥበብ መምህር ከወዴት ይገኛል?

በአማርኛ ቋንቋ «ጥበብ» የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይሸከማል። አንደኛው የአእምሮ ዕውቀት ነው፤ መጽሐፍ «ጠቢብ» እያለ የሚያከብረው ሰው በዚህ ይታወቃል። ሁለተኛው የእጅ ብልሃት ነው፤ ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የሚሠራው፥ እንጨት የሚጠርበው ሁሉ ባለጥበብ ይባላል። ሦስተኛው በነጭ ሸማ ጠርዝ ላይ በቀለም ፈትል የሚሠራው ጌጥ ነው። ለሦስቱ አንድ ስም መሰጠቱ ቃል ከመጥፋቱ የተነሣ አይደለም፤ ልብ የሚያስበው፥ እጅ የሚሠራውና ዓይን የሚያየው ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ስለ ሆነ ነው እንጂ። የኋላው ዘመን ትምህርት ግን ይህን አንድ የነበረውን ነገር ለያይቶ፥ ዕውቀቱን ለትምህርት ቤት፥ ብልሃቱን ለድኻ ሠራተኛ፥ ጌጡንም ለገበያ አከፋፈለው። ይህ መለያየት ያመጣውን ጉዳት፥ ደግሞም ጉዳቱ በምን እንደሚጠገን ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ኩልፎ ወንዝ ዳር ይውረድ።

ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ በአርባ ምንጭ በኩል አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። ከላይ እንሰትና ገብስ የሚበቅልበት ብርዳም ደጋ፥ ከታች ሙዝ የሚለማበት ሞቃት ቈላ አለ፤ ሁለቱንም የሚያገናኛቸው ከተራራ የሚወርደው ውሃ ነው። ከዚያው ደጋ እንደ ውሃው ሁሉ የሰው ብልሃትም ሲወርድ ኖሯል። በጨንቻ አጠገብ የሚኖሩት የዶርዜ ሰዎች በሽመና የታወቁ ናቸው፤ ሴቶቹ ጥጡን አባዝተው በእንዝርት ይፈትላሉ፥ ወንዶቹ ደግሞ ይሸምናሉ። ቤታቸውም ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጠልፎ ወደ ላይ የቆመ ነው፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው እየተቈረጠ፥ ቁመቱ በየጊዜው እያጠረ፥ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ የሚሸመነው ጥበብ አብዛኛው ከጋሞ ደጋ በመጡ ሸማኔዎችና በልጆቻቸው እጅ የተሠራ ነው። በበዓል ቀን ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚቆመው ሕዝብ፥ በግብዣም ላይ የሚታየው መኰንን፥ ጌጡን ከማን እንደ ተበደረ ቢያስብ ጥቂት ሳያፍር አይቀርም።

የሸማኔ ልጅ ሥራውን የሚማርበት መንገድ ራሱን የቻለ የማስተማር ሥርዓት ነው። ልጁ አስቀድሞ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ያያል፤ ቀጥሎ ክሩን በቀሰም እያጠነጠነ ያቀብላል፤ ከዚያም መወርወሪያውን ተቀብሎ ተራ ሸማ ይሞክራል፤ እጁ ሲፈታ ወደ ጥበቡ ይሻገራል። ጥበብ ለመሥራት የድሩን ክር ቈጥሮ መክፈል፥ ስንቱን አንሥቶ ስንቱን እንደሚተው በአእምሮ መያዝ፥ የቀለሙንም ተራ አለመርሳት ያስፈልጋል። ይህ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ የሚሠራ ሒሳብ ነው። የዜማ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በመስማት፥ በመቀጸልና በመታረም እንደሚማር፥ የቅኔ ተማሪም ሰው የዘረፈውን እየሰማ ራሱ መዝረፍ እንደሚለምድ፥ የሸማኔ ልጅም እንደዚሁ ያድጋል። ስለዚህ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት ከማንም በፊት ሊያውቁትና ሊያከብሩት ይችላሉ።

ነገር ግን ዛሬ በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ልጅ ያድጋል። አንዱ ልጅ ማለዳ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ፊደል፥ ቁጥርና የውጭ ቋንቋ ይማራል። በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ የሥዕልና የሙዚቃ ትምህርት ስሙ ተጽፎ ይገኛል፤ ሆኖም ለዚህ የተዘጋጀ መምህር በሌለበት ስፍራ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ይውላል፥ ወይም ልጆቹ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ አበባ ገልብጠው ይወጣሉ። ሁለተኛው ልጅ የእጅ ጥበብ ይማራል፤ ግን ትምህርት ቤት አይሄድም። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት በዘመድና በደላላ እየተወሰዱ በአዲስ አበባ በሽመና ሥራ ላይ እንደሚውሉ፥ ከንጋት እስከ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው እንደሚሸምኑ ደጋግሞ ተጽፏል፥ በጥናትም ታይቷል። ሕገ መንግሥቱ በ36ኛው አንቀጽ ሕፃን ጉልበቱን ከሚበዘብዝ፥ ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ደንግጓል። እንግዲህ አንዱ ልጅ ዕውቀት አግኝቶ ጥበብ አጣ፤ ሁለተኛው ጥበብ አግኝቶ ዕውቀት አጣ። ሁለቱም ግማሽ ሰው ሆነው እንዲያድጉ መተው ለአገር ትልቅ ኪሳራ ነው።

የዚህ መለያየት ሥር ንቀት ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ፥ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ሥራቸው እየተፈለገ ራሳቸው ሲናቁ ኖረዋል። በጋሞም ሸክላ የሚሠሩት «ማና»፥ ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት «ደጋላ» እየተባሉ፥ «ማላ» ከሚባለው ወገን በጋብቻ ተለይተው፥ መሬትም እንደ ልብ ሳያገኙ ብዙ ዘመን አሳልፈዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት ሰድቦ ማዋረድን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት የዚህ ንቀት ጉዳት ስለ ገባቸው ነው። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ቢሄድም፥ ሥራው ወደ ትምህርት ቤት የሚገባበት በር ግን ገና በሰፊው አልተከፈተም።

ይህ ንቀት የቅዱስ መጽሐፍ ድጋፍ እንኳ የለውም። በኦሪት ዘጸአት የመገናኛው ድንኳን በተሠራ ጊዜ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ ጥበብን፥ ማስተዋልንና ዕውቀትን እንደ ሞላበት ይነገራል። ከዚያ የሚከተለውን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል፤ ለባስልኤልና ለኤልያብ የተሰጣቸው የመሥራት ችሎታ ብቻ ሳይሆን ሌላውን የማስተማር ልብም ነው፤ ከተቈጠሩትም ሙያዎች መካከል ጠላፊና ሸማኔ አሉ። መሥራትና ማስተማር ሁለት ልዩ ስጦታዎች መሆናቸው በዚህ ግልጥ ሆኖ ይታያል። ጥሩ ሸማኔ ሁሉ ጥሩ መምህር አይደለም፤ ጥሩ ሠዓሊም ሁሉ ሕፃናትን ሥዕል ማስተማር አይችልም። የዛሬውም ነገር በዚሁ ላይ ይቆማል፤ ይኸውም የጥበብ መምህራንን የሚያስተምር መምህር ከወዴት ይገኛል የሚለው ነው።

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች «የሥነ ጥበብ ማስተማር» የሚባል ራሱን የቻለ የዶክትሬት ትምህርት አለ። ይህን ትምህርት መከታተል ብዙዎች እንደሚያስቡት የተሻለ ሠዓሊ ለመሆን መማር አይደለም፤ ለዚያ የሥነ ጥበብ ማስተርስ የሚባለው ማዕረግ ይበቃል። የዚህኛው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰው ማየትን፥ መሥራትንና መፍረድን እንዴት ይማራል? ሕፃን በሥዕል ምን ያስባል? ጥበብስ በትምህርት ቤት ውስጥ ምን ቦታ ይገባዋል? እንግሊዛዊው ኸርበርት ሪድ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ ጥበብ የትምህርት ሁሉ መሠረት መሆን እንዳለበት ተከራከረ። ከኦስትሪያ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ የሄደው ቪክቶር ሎዌንፌልድ በ1947 የሕፃናት ሥዕል ከዕድሜያቸው ጋር ደረጃ በደረጃ እንደሚያድግ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ፤ በፔንሲልቫንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ብዙ የጥበብ መምህራንን አሠለጠነ። በኋላም ኤሊየት አይዝነር በስታንፎርድ ጥበብ የስሜት መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የማሰቢያ መንገድ መሆኑን አስተማረ። በ1954 ደግሞ በዩኔስኮ ድጋፍ የዓለም የጥበብ መምህራን ማኅበር ተመሠረተ።

ኢትዮጵያም በዚህ መንገድ ጨርሳ ያልተጓዘች አይደለችም። በፓሪስ ሥዕል ተምሮ የተመለሰው አገኘሁ እንግዳ ከአዲሱ ትምህርት የመጀመሪያዎቹ ሠዓልያን አንዱ ነው። በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱ ኋላ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሕዶ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚያም ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረዋል። ከዚሁ ትምህርት ቤት ከወጡት አንዱ አቻምየለህ ደበላ ናቸው፤ በናይጄሪያ በአህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ፥ ቀጥሎም በአሜሪካ ተምረው፥ በመጨረሻ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሥነ ጥበብ ማስተማር የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ኮምፒዩተር ለሠዓሊ እንግዳ በነበረበት ጊዜ እርሳቸው ኮምፒዩተሩን የሥዕል መሣሪያ አድርገው ያዙት፤ በኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል ዩኒቨርሲቲም ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። በሥነ ጥበብ ታሪክ በኩል ደግሞ ዶክተር ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፥ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ማዕከልም መርተዋል፤ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የጻፉት መጽሐፍ በ2019 ታትሟል። እንግዲህ መንገዱ ለኢትዮጵያዊ የተዘጋ አይደለም፤ ተጓዡ ጥቂት ነው እንጂ።

የመንገዱም ርዝመት አስቀድሞ መታወቅ አለበት። አመልካቹ አብዛኛውን ጊዜ የማስተርስ ማዕረግና በክፍል ውስጥ ያስተማረበት ዘመን ይጠየቃል። ከሁሉ በፊት የራሱን ጥያቄ በግልጥ መጻፍና ያንን ጥያቄ የሚረዳ አማካሪ መምህር ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ የዩኒቨርሲቲውን ዝና ብቻ አይቶ የሚሄድ ሰው፥ ገበያ ስለ ደመቀ ብቻ የማያስፈልገውን ዕቃ ገዝቶ እንደሚመለስ ነው። ሲገባም ሁለት ዓመት ያህል በትምህርት ላይ ይቆያል፤ ከዚያ ብርቱ ፈተና ይፈተናል፤ የምርምሩን ዕቅድ ያቀርባል፤ በሰዎች ላይ የሚያደርገው ጥናት ማንንም እንዳይጎዳ በተሾሙ ሰዎች ይመረመራል፤ መስክ ወርዶ ያጠናል፤ ጽሑፉንም በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆሞ ያስረዳል። ይህ ሁሉ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ረዳት መምህር ሆኖ እያገለገለ የትምህርቱ ዋጋ የሚከፈልለትና ቀለብ የሚያገኝበት ልማድ አለ። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ከደብር ወደ ደብር ሲዞር ለኖረባት አገር ይህ ዓይነቱ ትዕግሥት እንግዳ ነገር አይሆንም።

ትዕግሥቱ ግን ለማዕረጉ ስም ብቻ ከሆነ ከንቱ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው ለዶክትሬትም ይሠራል። በስሙ ፊት «ዶክተር» የሚል ቃል ለማስቀደም ብቻ የሚማር ሰው፥ በባዕድ ቋንቋ የጻፈውን በባዕድ አገር መደርደሪያ ላይ ትቶ ይመጣል፤ ወይም ጭራሹኑ አይመለስም። ስለ ጋሞ ሕዝብ ብዙ ተጽፏል። አሜሪካዊቷ ጁዲት ኦልምስቴድ ስለ ዶርዜ፥ እንግሊዛዊቷ ዴና ፍሪማን ስለ ጋሞ ደጋ ሕዝብ ሥርዓት፥ አሜሪካዊው ጆን አርተር ደግሞ በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጋሞ ሸክላ ሥራ ጽፈዋል። ለድካማቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ጽሑፋቸው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ሸክላ ሠሪዋ ስለ ራሷ እጅ የተጻፈውን አንብባ «ይህ እውነት ነው» ወይም «ይህ ተሳስቷል» ለማለት አትችልም። ኩልፎ ከደጋ አፈሩን ጠራርጎ ወደ ሐይቅ እንደሚያወርድ፥ ዕውቀቱም ወርዶ ሄደ፤ ወደ ተነሣበት ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ከኩልፎ ዳር ተነሥቶ ይህን ትምህርት የሚከታተል ሰው ጥያቄውን ከአገሩ ይዞ መሄድ ይገባዋል። ሸማኔው ልጁን በምን ተራ ያስተምራል? ሲሳሳት እንዴት ያርመዋል? በጥበቡ ውስጥ ያለው ቈጠራ ለሒሳብ ትምህርት እንዴት ሊያገለግል ይችላል? ልጅ ከትምህርት ቤት ሳይለይ የአባቱን ሙያ የሚማርበት ሥርዓት እንዴት ይሠራል? የ«ማላ» ልጅና የ«ማና» ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንዱን ጭቃ በእኩል እጅ ቢያቦኩ፥ የቆየው ንቀት በልጆቹ ልብ ውስጥ ምን ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች በካናዳም ሆነ በፊንላንድ ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ፊት ቢቀርቡ የሚያሳፍሩ አይደሉም፤ እንዲያውም ከሌላ ሰው የተገለበጡ ስላልሆኑ ይከበራሉ። በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሠዓሊነትን፥ ተመራማሪነትንና መምህርነትን በአንድ ሰው የሚያስተባብር የምርምር መንገድ ተጀምሮ በብዙ አገር ተስፋፍቷል፤ ይህም ለባለሙያ ተማሪ በር ይከፍትለታል።

ተመራማሪው ከሸማኔውና ከሸክላ ሠሪዋ ጋር የሚይዘው ግንኙነትም የተማሪና የመምህር ግንኙነት መሆን አለበት። ፈቃዳቸውን መጠየቅ፥ ሥራ ያስፈታቸውን ጊዜ በዋጋ መካስ፥ ስማቸው እንዲጻፍ የሚወዱትን በስማቸው ማመስገን፥ የተገኘውንም በጋሞኛና በአማርኛ መልሶ ማንበብ ግዴታው ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ስለ ጀመሩ፥ የእጅ ጥበቡም ቃላት በዚያው ቋንቋ ወደ መጽሐፍ ቢገቡ መልካም ነው፤ ቃሉ ሲጠፋ ሙያው አብሮ ይጠፋልና።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ አገር ውሃ፥ መንገድና መድኃኒት ሳትጠግብ ስለ ሥዕል ማስተማር ዶክትሬት መናገር የጥጋብ ወሬ ነው የሚሉ አሉ። ቃላቸው ሊናቅ አይገባም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1979 ዓ.ም. ሲጀመር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ውሃ መቅደሙ ትክክል ነው። በ1996 ዓ.ም. ግን ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዕውቀቱ ሰፋ፤ ከግቢዎቹም አንዱ በኩልፎ ስም ተጠራ። ደግሞ የጥበብ ትምህርት ከእንጀራ የተለየ ነገር አይደለም። የሸማኔውን ጥበብ በመኪና አትሞ በርካሽ የሚሸጥ የባሕር ማዶ ጨርቅ ገበያውን እያጥለቀለቀ ነው። ሸማኔው ይህን የሚቋቋመው እጁን በማፍጠን ብቻ አይደለም፤ ንድፉን በማሻሻል፥ ዋጋውን በማወቅና መብቱን በማስከበር ነው። ይህም ሁሉ ትምህርት ይጠይቃል።

ሌሎች አገሮችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በጀርመን በ1919 በቫይማር የተከፈተው ባውሃውስ የተባለው ትምህርት ቤት ሠዓሊውንና የእጅ ባለሙያውን በአንድ ግቢ አስተማረ፤ ከክፍሎቹም አንዱ የሽመና ክፍል ነበር፤ በ1933 ቢዘጋም ሐሳቡ ዓለምን አዳረሰ። ወደ ጎረቤት ስንኳ ቢታይ፥ በኡጋንዳ በማከረሬ ማርጋሬት ትሮዌል በ1930ዎቹ የጀመረችው የሥነ ጥበብ ትምህርት ተማሪዎቹ አውሮፓን ከመገልበጥ ይልቅ ከገዛ አገራቸው እንዲነሡ የሚሻ ነበር፤ እርሷም በ1953 ከባልደረባዋ ጋር የኡጋንዳን የእጅ ጥበቦች መዝግባ አሳተመች። ትምህርት ቤቱ ዛሬም በስሟ ይጠራል።

እንግዲህ ሥራው ለብዙዎች የሚከፋፈል ነው። የትምህርት ሹማምንት የውጭ አገር ዕድል ሲያከፋፍሉ ለጥበብ መምህራን አንድ ቦታ ቢያስቀሩ፥ የሚመለሰውም ተማሪ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወንበር እንዲጠብቀው ቢያደርጉ፥ ወጪው በከንቱ አይቀርም፤ አንዱ መምህር መቶ መምህራንን፥ መቶዎቹም እልፍ ሕፃናትን ያስተምራሉና። ዲፕሎማ የሌለው አዋቂ ሸማኔም በትምህርት ቤት ገብቶ በሚገባ ክፍያ የሚያስተምርበት ደንብ ቢወጣ፥ ልጁን ለደላላ አሳልፎ የሚሰጥበት ምክንያት ይቀንሳል። ካህናትም ከጥንት ጀምሮ ብርብር ማርያምን በመሰሉ አድባራት መጽሐፍንና ሥዕልን ሲጠብቁ የኖሩ ስለ ሆኑ፥ የእጅ ሥራ ክቡር መሆኑን በዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩ ቃላቸው ከአዋጅ ይልቅ ወደ ልብ ይገባል።

ሸማኔው ድሩን ብቻ ዘርግቶ ቢተወው ክር እንጂ ልብስ አይሆንም፤ ማጉም ብቻውን ልቃቂት ሆኖ ይቀራል። ትምህርት ያለ ጥበብ፥ ጥበብም ያለ ትምህርት እንደዚሁ ናቸው። ሁለቱን በአንድ መወርወሪያ የሚያገናኝ መምህር በተገኘ ጊዜ፥ ማለዳ ደብተሩን ይዞ የሚሄደው ልጅና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ የሚሸምነው ልጅ አንድ ልጅ ይሆናሉ፤ ያም ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሳይሰደድ በኩልፎ ዳር በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያድጋል።